አንድ እግሯ የተዘጋ ቅጥቅጥ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት ብዕሬ ይንጠፍ፣ በአዳማ ከተማም «እንዴት አደርክ» የሚለኝ ሰው ይጥፋ። ምንም አልጨመርኩበትም። እንዲያውም አንባቢ እንዳይደነግጥ ብዬ አንዳንዱን አሳንሼዋለሁ። እኔ ንዋይ እባላለሁ። ከሞጆ እስከ ባቱ ባለው መንገድ ስሜን ያልሰማ ሹፌር ካለ መንጃ ፈቃዱን ከየት እንዳመጣው ይጠየቅ። ስለ መኪና አካል ማስረዳት ስጀምር የሞተ ባትሪ ነቅቶ ያዳምጠኛል። ምስክር አምጣ የሚለኝ ካለ ጎረቤቴ ሽታዬ አለች፤ እኔንና እሷን የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። የሆነውን ሁሉ በዐይኗ አይታለች። ሂዱና ጠይቋት።

ነገሩ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ከገበያ ስመለስ በሰፈራችን ኳስ ሜዳ ዳር የጋሽ ልዑልሰገድን ቅጥቅጥ ቆማ አገኘኋት። ቅጥቅጥ የምንላት በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶብስ አካል የተገጠመላትን መካከለኛ የሕዝብ መኪና ነው። ጋሽ ልዑልሰገድ በአዳማና በአሰላ መካከል ሲመላለሱ የሸበቱ፣ ግርማቸው ከመኪናቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። መኪናዋም ብትሆን እንዲሁ የምትታለፍ አይደለችም። መጋረጃዋ ወርቃማ ዘርፍ አለው። ከመሪው በላይ የመድኃኔዓለም ሥዕል ተለጥፎባታል። የፍሬን ፔዳሏ ላስቲኩ ስላለቀ የብረቱ ቅዝቃዜ በጫማ ሶል አልፎ ይሰማል። ክላክሷ ሲነፋ ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ያለ ዓሣ ደንግጦ ወደ ታች ይጠልቃል።

የዚያን ቀን ቅጥቅጧ ሪባን በሪባን ሆናለች። የሽታዬ ልጅ ሌንሳ ተድራ ኢተያ ከገባች ሳምንቷ ነበር፤ እሑድ ደግሞ ቅልቅል ነው። የሙሽራዋ ወገን፣ አክስቱም አጎቱም፣ ጎረቤቱም የዕድሩም ሰው፣ ከአዳማ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ሙሽራው ቤተሰብ ይወጣል፤ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጨፍሮ ማምሻውን ያንን ሁሉ ቁልቁለት በዴራ በኩል ወደ አዳማ ይወርዳል። ሰዉን ሁሉ የምታወርደው ይህችው ቅጥቅጥ ናት። እኔም ከተጋባዦቹ አንዱ ነኝ፤ የፊት ወንበር እንደሚሰጠኝ መቼም መናገር አያስፈልግም።

ሰላም ልላቸው ስጠጋ ዐይኔ ከኋላው የቀኝ ጎማ ሥር ገባ። የእኔ ዐይን ደግሞ ከገባ ሳያገኝ አይወጣም። በሻንሲው ሥር የምታልፈው ቀጭን የፍሬን ዘይት ቧንቧ፣ ጎማው ጋ ከመድረሷ በፊት፣ ታጥፋ በመዶሻ ተጠፍጥፋለች።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ና እስቲ ንዋይ፣ ይቺን ሪባን ከላይ እሰርልኝ። አንተ እንደሁ ሌላው ቢቀር ቁመት ተሰጥቶሃል።»

«ሪባኑ ይደርሳል ጋሼ። ይቺ ቧንቧ ምን ሆና ነው የታጠፈችው?»

«እሷማ ተዘግታ ነው።»

«ማን ዘጋት?»

«እኔ ነኛ። ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። አንዱን እግር ዘጋንና ሦስቱን ለቀቅን። ይኼ ደግሞ ምን ያስገርማል? ጋራዥ ገብተህ አታውቅም እንዴ?»

እዚህ ላይ ጥቂት ማስረዳት አለብኝ፤ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህች ቧንቧ ውስጥ ነውና። የእኛ ሹፌሮች ጎማን እግር ይሉታል። ፍሬን ሲረገጥ ዘይት በቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ አራቱም እግር ይገፋል። ዘይቱ ሸራውን፣ ማለትም ከጎማው ውስጥ ያለውን መያዣ፣ ታምቡር ከሚባለው ክብ ብረት ጋር ያጣብቀዋል፤ ያኔ ጎማው ይቆማል። አንደኛው እግር ላይ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ ሲያረጅ ዘይቱ መፍሰስ ይጀምራል። መፍትሔው ላስቲኩን መቀየር ነው። የእኛ ሰው ግን ቧንቧዋን አጥፎ በመዶሻ ይመታትና «ለጊዜው ነው» ይላል። ያ ለጊዜው የተባለው ነገር ፋሲካን ተሻግሮ መስቀል ይደርሳል፤ መኪናው ይሸጣል፤ የገዛው ሰውም ባለ ሦስት እግር መኪና እንደገዛ ሳያውቅ ሰው ጭኖ ይሄዳል። ከመቂ ሽንኩርት ጭነው ከሚወጡት መኪናዎች ስንቱ እንዲህ እንደሆነ ብናገር አንባቢ ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህ አልናገርም።

«ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና፣ እሑድ በዚህች መኪና ነው ሰው የሚያወርዱት?»

«ሰው ብቻ? የሽታዬን ዘመድ በሙሉ ነው የማወርደው።»

«በሦስት እግር?»

«ባጃጅ በስንት እግር ነው የሚሄደው?»

ሳቁ። ሳቃቸውም እንደ ክላክሳቸው ነው። እኔ ግን በሳቅ የምበተን ሰው አይደለሁም።

«ባጃጅ ሲፈጠርም ሦስት ነው» አልኳቸው። «የእርስዎ አራት ይዛ ተፈጥራ አንዱን ነው የነሷት። ደግሞም ባጃጅ ሠርገኛ ጭኖ የኢተያን ቁልቁለት ሲወርድ አላየሁም።»

«ስማኝ ልጄ፣ እኔ ፍሬን የምረግጥ ሹፌር አይደለሁም። በማርሽ ነው የምይዛት። ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ማርሽ ቀንሼ እለቃታለሁ፤ እያጉረመረመች ትወርዳለች። ሸራ የቀየርኩበትን ቀን ረስቼዋለሁ። መነኸሪያ ሄደህ ጠይቅ፤ በዚህ ነው የምመሰገነው።»

ይህን ሲሉ ደረታቸው ተነፋ። እኔ እንኳ በሹፌርነት ዘመኔ ሸራ አለመጨረስን እንደ ሜዳሊያ የሚቆጥሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። በእኛ አገር ሹፌር ሲደነቅ «ፍሬን አይነካም እኮ» ይባላል። አንድም ሰው ግን የማይነካው ጎበዝ ስለሆነ ነው ወይስ ቢነካውም ስለማይዝ ነው ብሎ አይጠይቅም።

«በማርሽ መያዝዎን አደንቃለሁ» አልኳቸው። «ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በባዶ ከሚለቃት ጎረምሳ እርስዎ በብዙ ይሻላሉ። ነገር ግን ማርሽ ያዘገያል እንጂ አያቆምም። ከብት ድንገት መንገድ ቢገባብዎ ማርሽ ምን ያደርግልዎታል?»

«ክላክስ አደርጋለኋ።»

«ከብቱ ክላክስ ካልገባውስ?»

«የእኔን ክላክስ? የማይገባው ከብት የለም።»

«እሺ፣ ከብቱ ይግባው። ሦስቱ እግር የአራቱን ሥራ ሲሠራ ይግላል። ሲግል ሸራው መያዝ ያቅተዋል። ግለቱ ሲብስ በውስጡ ያለው ዘይት ይፈላል፤ የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ አይገፋም። ያኔ ፔዳሉን ሲረግጡት ምንም ሳይመልስልዎት ወለል ድረስ ይወርዳል። ሌላም አለ። የኋላው ቀኝ ከተዘጋ ከኋላ የሚይዘው ግራው ብቻ ነው። ድንገት ሲረግጧት ወደ ግራ ትጎትታለች። ከኢተያ ሲወርዱ በግራዎ ምን አለ ጋሼ?»

ወደ ኋላው ጎማ አየት አደረጉ። ከዚያ «ከፊት የሚመጣው መኪና» አሉ፤ ቀስ ብለው።

«አዎ። እሱም ሙሉ ጭነት ይዞ።»

«መጋሏን አውቃለሁ» አሉ፣ ወዲያው ደረታቸውን መልሰው። «ለዚያ ነው ውኃ የምይዘው። ዴራ ስንደርስ ጎማዎቹ ላይ ደፋ ደፋ ማድረግ ነው። ጢስ ይላል፣ ይበርዳል፣ መንገድ መቀጠል።»

«የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲደፋ ብረቱ ይሰነጠቃል። መቆምና ራሱ እስኪበርድ መጠበቅ ነው።»

«ሠርገኛ ጭኜ መንገድ ዳር ልቆም?»

«ውረዱና ጨፍሩ ይበሏቸው። ለሠርገኛ ምን ይከብደዋል?»

ጋሽ ልዑልሰገድ ወደ መኪናዋ ሆድ አጎንብሰው አንድ ነገር ጎትተው አወጡ። ታኮ ነው፤ ከጎማ ሥር የሚገባ የእንጨት ሽብልቅ። ከጠንካራ ወይራ የተጠረበ፣ ከዕድሜ ብዛት እንደ ቀንድ የሚያብረቀርቅ፣ ጫፉ ላይ ገመድ ያለው። እንደ ሕፃን አቅፈው አሳዩኝ።

«ይኼን አይተሃል? ይኼ እያለ ምን ፍሬን ያስፈልጋል? አንድ ጊዜ ሽቅብ ላይ ሞተሯ ጠፍቶ ወደ ኋላ ስትል በዚህ ነው ያስቆምኳት። የአሰላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«ታኮ የቆመ መኪና እንዳይሄድ ነው የሚይዘው። የሚሮጠውን እንዲይዝ ከፈለጉ ከፊቷ ሮጦ የሚያስገባ ሰው ይቅጠሩ።»

«አንተ ልጅ ምላስህ ፍሬን የለውም» አሉኝ።

«ምርመራውን እንዴት አለፈች ጋሼ? መስታወቷ ላይ የዘንድሮ ምልክት አያለሁ።»

መቼም አዋቂ ሰው ሲያፍር ወዲያው ይታወቅበታል፤ የጋሽ ልዑልሰገድ ጆሮ ግን አልቀላም። ነገሩን ያለ አንዳች እፍረት ዘርዝረው ነገሩኝ። ለዓመታዊ ምርመራ መቅረቢያው ሲደርስ፣ መካኒክ ይጠራል፤ የአንድ ወዳጃቸው መኪና የኋላ እግር ሙሉ ዕቃው ከነቧንቧው ይፈታል፤ በቅጥቅጧ ላይ ይገጠማል፤ ፍሬኑ ተለክቶ ሲያልፍ ማታውኑ ተፈትቶ ለባለቤቱ ይመለሳል። እሳቸውም በተራቸው ለሌላ ሰው ዕቃ ያውሳሉ። ቡድን አላቸው፤ እንደ ዕቁብ በተራ ነው።

«ለሠርግ ኮት መዋስ ነውር ነው?» አሉኝ። «ፎቶ ተነሥተህ ትመልሳለህ።»

«በተውሶ ኮት ፎቶ የተነሣ ሰው ኮቱን ሲመልስ ከገደል አይወድቅም ጋሼ። የምርመራው ሰው የለካው የሌላ መኪና ፍሬን ነው። የእርስዎ መኪና ገና አልተመረመረችም። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ምልክት ደግሞ ወርዶ ጎማ አይዝም።»

በዚህ መካከል ሽታዬ ፊኛና ተጨማሪ ሪባን በዘንቢል ይዛ መጣች። መኪናዋ ስንት ሰዓት እንደምትነሣ ልትነጋገር ነበር የመጣችው።

«አካም ቡልተን» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ አለችን። ቀጥላም ፊታችንን አየችና «ምን ሆናችሁ ነው እንደ ተጣላ ሰው የምትተያዩት?» አለች።

«ስለ ፍሬን እየተነጋገርን ነው» አልኳት።

ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች። «በልጄ ቅልቅል ሰሞን? ንዋይ፣ ሌላ ወሬ ጠፍቶ ነው? እባካችሁ ሟርት አትጥሩብኝ። ሰው ደስ ብሎት ሊሄድ ሲል ስለ ፍሬን ይወራል?»

«ይኸውልህ» አሉ ጋሽ ልዑልሰገድ፣ ምስክር እንዳገኘ ሰው። «እኔም የምለው ይኼን ነው። ለሠርግ የተጠራ መኪና ጋራዥ አይገባም። ገደኛ አይደለም። ደግሞ ሥዕሉ እያለልኝ ምን እሆናለሁ?»

አንባቢ ልብ ይበል። ይህ ነው የእኛ ትልቁ በሽታ። ጉዞ ሲታሰብ አደጋን ማንሣት ሟርት ነው እንላለን፤ ስለዚህ ማንም አያነሣም፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም፤ ስለዚህ ማንም ከመኪናው ሥር አያይም። ኀዘን ቤት ስንቀመጥ ግን ሁሉም «እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር» ይላል። እኔ ይህንን ለዘመናት ሲብላላብኝ የኖረውን ነገር ሐሙስ ረፋድ ላይ ሳልሳቀቅ ተናገርኩት።

«ሽታዬ፣ ለሠርጉ ድንኳን ሲተከል ገመዱን እየዞርሽ ትስቢ ነበር አይደል?»

«እንዴታ። እንዳይላላ ነዋ።»

«ድንኳኑ እንዲወድቅ ተመኝተሽ ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ወጡን የቀመስሽው ጨው እንዲበዛበት ሟርተሽ ነው? ማየት ሟርት አይደለም። ጋሼም ቢሆኑ፣ ጸሎታቸውን አልነካም። ግን መድኃኔዓለም በሠራተኛ እጅ የሰጣቸውን ፍሬን በመዶሻ ጠፍጥፈው ሌላ ፍሬን እየለመኑ ነው።»

ሽታዬ ዘንቢሏን ገፋ አደረገች። ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ ብላ የታጠፈችውን ቧንቧ አየች፤ ቀና ብላም ጠየቀች።

«እውነት አንዱ ተዘግቷል?»

«ተዘግቷል» አሉ ጋሽ ልዑልሰገድ።

«ለምን ለእኔ አልተነገረኝም?»

«ብትሰሚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«አልሳፈርማ።»

«ስለዚህ ነዋ» አሉ። ያኔ እሳቸውም የተናገሩት ነገር ለራሳቸው ተሰማቸው። ግን አልተበገሩም። ይልቁንም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እውነተኛውን ምክንያት አወጡት።

«ለእናንተ ቀላል ነው። የሠርግ ሪባን የታሰረባት መኪና ጋራዥ ቆማ ከታየች መነኸሪያው ምን ይላል? መኪናዋ ተበላሸች ይላል። ሰውየው አረጀ ይላል። ተራዬን የሚፈልግ ስንት ሰው አለ። እኔ እዚህ ከተማ ሰው ፊት ተሸንፌ አላውቅም። እሑድ በዚህችው መኪና ወጥቼ በዚህችው እወርዳለሁ። የፈራ በባጃጅ ይምጣ።»

ተመልከቱ፤ ዘይትም አይደለም፣ ላስቲክም አይደለም። የመነኸሪያ ወሬ ነው። አንድ ሰው ሠላሳ ሰው ቁልቁለት ላይ የሚያስቀምጠው አምስት ሰው እንዳይስቅበት ነው። እልሁ ገባኝ፤ እኔም እልኸኛ ነኝ። እልህን ደግሞ በእልህ እንጂ በትምህርት ብቻ አትፈታውም። ስለዚህ አሁን የምተርከውን አደረግሁ።

«ክርክር አበቃ ጋሼ» አልኩ። «እኔ እዚያ ማዶ፣ ጎሉ መካከል እቆማለሁ። እርስዎ ከወዲህኛው ጎል ይነሡ። ፈጥነው ይምጡ። እኔ ጋ ሲቃረቡ በፍሬን ያቁሟት። በማርሽ አይደለም፤ በፍሬን። ለሽታዬ ዘመድ ይበቃል ያሉት ፍሬን ለእኔም ይበቃኛል።»

«አበድክ?»

«ካመኑት ይረግጡታል። ካላመኑት ደግሞ አሁኑኑ ይንገሩኝ።»

«ትሞታለህ» አሉኝ።

«ለምን እሞታለሁ? ሦስት እግር ይበቃል ብለዋል እኮ።»

ከዘራዬን ይዤ ሜዳውን አቋርጬ ሄድኩ። ጎሉ መካከል ቆምኩ። ሁለት እጄን በከዘራው አናት ላይ አደራርቤ ደገፍኩበት። ወሬው እንዴት እንደተዛመተ አላውቅም፤ ባጃጆች ሞተር አጥፍተው ቆሙ፣ ከመቂ ቲማቲም ጭነው የሚያልፉ መኪናዎች መንገድ ዘጉ፣ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ ነበር። የዚያን ዕለት ኳስ ሜዳው ያልመጣ የአዳማ ሰው ካለ ታሞ ነው። ሽታዬ በሜዳው አጋማሽ ዳር ላይ፣ ፊኛዎቿን እንደያዘች ቆማለች። ተው አላለችኝም፤ ሂድም አላለችኝም።

ሞተሩ ተነሣ። ቅጥቅጧ ከነሪባኗ ተንቀሳቀሰች። ሁለተኛ ገባ። ሦስተኛ ገባ። አቧራው ከኋላዋ እንደ ግድግዳ ቆመ። እኔ አልተነቃነቅኩም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው በኦሮሚያ ምድር አልታየም።

ጋሽ ልዑልሰገድ መሃል ሜዳ ሲደርሱ ቀኝ እግራቸው ከነዳጁ ተነሥቶ ወደ ፍሬኑ ሄደ። ግን አልረገጠም። ከፔዳሉ በላይ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጫማው ያንን ቀዝቃዛ ብረት ሊነካ ሲል ይመለሳል፣ ሊነካ ሲል ይመለሳል። ላብ ከአንገት ወርዶ ጀርባ ላይ ሸሚዙን ያጣብቀዋል። በዚያች ቅጽበት በሹፌርነት ዘመን ሁሉ ተጠይቃ የማታውቅ አንዲት ጥያቄ መጣች፤ «ብረግጠው ትቆማለች?» መልስ የለም። ከመስታወቱ ባሻገር ከዘራ የተደገፈ አንድ ሰው እየጎላ፣ እየጎላ ይመጣል፤ ፊቱ ላይ ፍርሃት የለም፣ ትዕግሥት ነው ያለው፤ መልሱ ግን የለም።

መሪው ወደ ባዶው የሜዳው ክፍል ተጠመዘዘ። ማርሽ ወረደ፤ ቁልፉ ተዘጋ። ቅጥቅጧ ትንሽ ተንገዳግዳ፣ ከኳስ ሜዳው ጥግ ካለው አፈር ክምር ጋ ስትደርስ ቆመች። ፍሬኑ አልተነካም።

ለረጅም ጊዜ በሩ አልተከፈተም። ኋላ ጋሽ ልዑልሰገድ ወርደው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኔም ቀስ ብዬ መጣሁ፤ በአሸናፊነቴ አልተመጻደቅሁም፤ ይህም ከታላላቅ ባሕርዮቼ አንዱ ነው።

«ፍሬን አለኝ እያልኩ ነበር የምኖረው» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ፊቴ ሰው ሲቆም አላመንኩትም። ላንድ ሰው ያላመንኩትን ለሠላሳ ሰው እንዴት ልስጥ?»

«ማፈር የለብዎትም» አልኳቸው። «ሰው ቢስቅ ለአንድ ሰሞን ነው።»

«ይሳቁ። ሪባኗን ሳንፈታ ነው ጋራዥ የምናስገባት። መነኸሪያው ሁሉ ይያት። የሚስቀው ሰው የራሱን መኪና ሥር አጎንብሶ አይቶ ከሆነ ይሳቅ።»

ከዚህ በኋላ እልሁ ወዲያ ዞረ። ከነሪባኗ፣ ከነፊኛዋ፣ በመነኸሪያው በር ፊት ለፊት አልፋ ኑሬ የሚባል መካኒክ ጋ ገባች። ኑሬ ታምቡሮቹን ሲከፍታቸው የተገኘውን ነገር ብናገር ይበቃል። ሸራው ከፖስታ ቴምብር ቀጥኗል፤ ሸራውን የያዘው ብረት ታምቡሩን ይፍቀዋል። የታጠፈችው ቧንቧ ተጥላ አዲስ ገባ። ያረጀው ላስቲክ በአራቱም እግር ተቀየረ። የጠቆረው ዘይት ወጥቶ አዲስ ተሞላ፤ በቧንቧዎቹ ውስጥ የቀረ አየር እስኪወጣ ድረስ ፔዳሉ ተረገጠ። የአንዱን እግር ሸራ ብቻ መቀየር መኪናዋን እንደሚያዛባ ስለሚታወቅ የግራውም የቀኙም እኩል ተቀየረ። ያ ሁሉ ሥራ አርብ ማታ አለቀ። አንድ ቀን ተኩል ነው የፈጀው፤ ለዓመታት ሲሸሽ የኖረው ነገር።

እሑድ ኢተያ ወጣን። ሌንሳ አምራለች፤ ምግቡን አልነግራችሁም፣ ያልበላ ሰው ይቆጫል። አመሻሹ ላይ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ከበሮው ውስጥ እየተመታ፣ ሽታዬ መሃል ቆማ እያጨበጨበች፣ ድንገት ከመታጠፊያው ኋላ ከብቶች መንገዱን ሞልተው ተገኙ። ክላክስ ተነፋ፤ አንዳቸውም አልሰሙም። ፍሬኑ ተረገጠ። ቅጥቅጧ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብላ ቆመች። ከበሮው አልተቋረጠም። ከኋላ የተቀመጡት ለምን እንደቆምን እንኳ አልጠየቁም። የጥሩ ፍሬን ምስጋናው ይኼው ነው፤ ማንም አያስታውሰውም።

ከዚያ ወዲህ በእኛ በኩል ብዙ ነገር ተለውጧል። ቅጥቅጧ ጠዋት ስትነሣ ሹፌሩ ከሥሯ ጎንበስ ብሎ መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ የፍሬን ዘይቱን ልክ ይመለከታል፤ ሰው ከመጫኑ በፊት እዚያው ግቢ ውስጥ ቀስ ብሎ ነድቶ ፔዳሉን ይሞክረዋል። ፔዳሉ ከወትሮው ከላላ ወይም መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ከጎተተች ተራውን ለሌላ ሰጥቶ ይቀራል እንጂ አይወጣም። ማርሽ የሚቀንሰው ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ነው፤ መሃል ላይ አይደለም። ታምቡር ሲግል ቆሞ ያበርዳል፤ ውኃውን ሰው ይጠጣዋል። ዕቃ ተዋውሶ ምርመራ ማለፍ ቀርቷል፤ ቡድኑ ግን አልፈረሰም፤ አሁን የሚዋዋሱት መካኒክ የሚይዙበትን ተራ ነው። ታኮዋም አልተጣለችም፤ ለቆመ መኪና ትሠራለች። ከሁሉ በላይ ተሳፋሪው መጠየቅ ለምዷል። ከመውጣቱ በፊት «ፍሬኗን አይታችኋታል?» ይላል፤ ይህም እንደ ሟርት ሳይሆን እንደ ሰላምታ ይቆጠራል። ከአዳማ እስከ አቦምሳ፣ ከመቂ እስከ ባቱ፣ ይህን ሰላምታ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ ብል ማንም አይከራከረኝም።

ይህንን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ ምስክሬ እንድትሰማው ብዬ ወደ ቆርቆሮው አጥር ሄድኩ። ሽታዬ ከወዲያ ማዶ ልብስ እያሰጣች ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ዘረጋች።

«ጥሩ ነው» አለች። «አንድ ነገር ብቻ።»

«ምን?»

«ከጎል ጎል ቆመህ፣ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ሲንቀጠቀጥ በምን አየኸው?»

«የእኔ ዐይን እኮ—»

«ንዋይ፣ ከዘራ ያላቸው ጋሽ ልዑልሰገድ ናቸው። አንተ ከዘራ ኖሮህ አያውቅም።» የአንሶላውን ጫፍ አቃናች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «መኪናዋም ያንተ ናት፤ ይኸው በር ላይ ቆማለች። እሳቸውን ሪባን እሰሩልኝ ብለህ የጠራሃቸው አንተ ነህ፤ ጎንበስ ሲሉ ቧንቧዋን አዩ። ባጃጅ በስንት እግር ነው የሚሄደው ያልከውም አንተ ነህ። ሜዳው ላይ ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ሦስታችን ብቻ ነበርን።»

ወረቀቱን ልቀደው በሁለት እጄ ያዝኩት። እሷ ቀጣዩን ልብስ ከዘንቢሉ አነሣች።

«ግን አትቅደደው» አለች። «ስለ ፍሬኑ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ቃል በቃል እንዲያ ነው የተባለው። ስሞቹን ብቻ አለዋውጣቸው።»